ጎዳና በመሻገሪያው ይመዘናል

ሰው ቤት ሲሠራ በሩን ለእንግዳ ብቻ ብሎ አያበጀውም። በር እንግዳ የሚቀበሉበት ቢሆንም፥ ከሁሉ አስቀድሞ የቤቱ ልጆች የሚወጡበትና የሚገቡበት ነው። እንግዳ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ የቤቱ ልጅ ግን ጧትና ማታ ያንኑ ደፍ ይረግጣል። ደፉን ለእንግዳ ዓይን ሲል አሳምሮ፥ የገዛ ልጆቹ የሚሰናከሉበት አድርጎ የሠራ አባወራ ቢኖር፥ ጎረቤቱ ሁሉ ሞኝ ይለዋል እንጂ እንግዳ ተቀባይ አይለውም። ይህ ነገር በአንድ ቤት ላይ ሲታይ ለማንም ግልጥ ነው፤ በከተማ ላይ ሲሆን ግን አስተዋይ የሚባሉ ሰዎች ሳይቀሩ ይስቱታል። የአዲስ አበባ በር የሆነው የቦሌ ጎዳና ለዚህ ስሕተት ዋና ምስክር ነው።

ይህ ጎዳና፥ በመዝገብ ስሙ የአፍሪካ ጎዳና የሚባለው፥ ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በፍላሚንጎ፥ በኦሎምፒያ፥ በወሎ ሰፈርና በቦሌ ድልድይ አድርጎ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ይደርሳል። ርዝመቱ 5 ኪሎ ሜትር አይሞላም። አጀማመሩም ከአውሮፕላን ጋር የተያያዘ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም አውሮፕላኖቹ የሚያርፉት በልደታ ሜዳ ነበረ። በኋላ የጄት አውሮፕላን ዘመን በመጣ ጊዜ የልደታ ሜዳ የማይበቃ ስለ ሆነ፥ በ1950ዎቹ ዓመታት የቦሌ ማረፊያ ተሠራ። በዚያን ዘመን ቦሌ ከከተማው ወጣ ያለ ሜዳ ነበረ። መንገዱም የሚያገናኘው ሁለት ነገር ብቻ ነበረ፤ በወዲያኛው ጫፍ ማረፊያውን፥ በወዲህኛው ጫፍ ከተማውን። በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ሲመሠረት፥ ከ30 ከሚበልጡ ነጻ መንግሥታት መካከል በአየር የመጡት መሪዎች ከተማውን የተዋወቁት በዚሁ በር በኩል ነው። ስለዚህ ጎዳናው የእንግዳ መንገድ ሆኖ መወለዱ አያስነቅፈውም፤ በሜዳ ላይ የሚሻገር ሰው ጥቂት ነበረና።

ነገር ግን ከተማው አድጎ ወደ ሜዳው መጣ። መጀመሪያ ቪላዎች፥ ቀጥሎ ሱቆችና ምግብ ቤቶች፥ በመጨረሻም ፎቆች፥ ባንኮች፥ ሆቴሎችና ትምህርት ቤቶች በግራና በቀኝ ተተከሉ። ዳር የነበረው መካከል ሆነ፤ መንገድ የነበረውም ጎዳና ሆነ። በመንገድና በጎዳና መካከል ያለውን ልዩነት ያላስተዋለ ሰው ስለ ቦሌ ነገር ሊፈርድ አይችልም። መንገድ ሁለት ጫፍ አለው፤ ጎዳና ግን ሁለት ዳር አለው። መንገድ የሚመዘነው ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈጥኖ በማድረሱ ነው፤ ጎዳና ግን የሚመዘነው በወዲህኛው ዳር ያለውን ሰው በወዲያኛው ዳር ካለው ከጎረቤቱ፥ ከገበያው፥ ከትምህርት ቤቱና ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር በደኅና በማገናኘቱ ነው። ቦሌ ሁለት ዳር ካበቀለ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ስለ እርሱ በተቈረጠው ምክር ሁሉ ግን ዘወትር ቀድመው የሚታዩት ሁለቱ ጫፎች ናቸው።

በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. ጎዳናው እንደገና ታርሶ ሲሠራ የሆነው ይኸው ነው። ሥራውን የያዘው የቻይና ሥራ ተቋራጭ ነበረ። አስፋልቱ ሰፋ፤ በአንዳንድ መገናኛም ቀጥታ የሚሄደው መኪና ሳይቆም ያልፍ ዘንድ ማሳለጫ ተሠራለት። የአካባቢው ነጋዴ ደጁ ተቈፍሮ፥ ደንበኛው እየራቀው፥ በጋውን በአቧራ ክረምቱን በጭቃ ታግሦ ከረመ። አሮጌ መንገድ መታደሱን የሚጠላ ሰው የለምና ስለ መታደሱ የሚነሣ ነቀፋ አይኖርም። ነቀፋው በሥራው መጀመሪያ ምን ተቈጠረ በሚለው ላይ ነው። መኪና በስንት ደቂቃ ያልፋል ተብሎ ተቈጠረ፤ ሰው በስንት ደቂቃ ይሻገራል የሚለው ቍጥር ግን ከኋላ ቀረ። አስፋልቱ በሰፋ መጠን ሁለቱ ዳሮች ተራራቁ።

የዚህን ነገር ክብደት ለመረዳት በወር በ27ኛው ቀን የመድኃኔ ዓለምን መታሰቢያ ለማክበር ማልዳ የተነሣች አንዲት አረጋዊት እናት በአሳብ ትታይ። ቤቷ በጎዳናው በአንዱ ወገን ነው፤ የቦሌ መድኃኔ ዓለም ካቴድራል ደግሞ በሌላው ወገን። ነጠላዋን አጣፍታ፥ በትሯን ተደግፋ ከአስፋልቱ ጠርዝ ትቆማለች። እንዲህ ያለች እናት በአንድ ሴኮንድ ከ1 ሜትር አትራመድም፤ ስለዚህ 20 ሜትር የሚሆን አስፋልት ለመሻገር ቢያንስ 20 ሴኮንድ ያስፈልጋታል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በዚያው 20 ሴኮንድ ውስጥ ከ330 ሜትር በላይ ይጓዛል። እንግዲህ እግሯን ባነሣች ጊዜ ዓይኗ ሊያየው የማይችለው መኪና፥ ገና መካከል ሳለች ከፊቷ ይደርሳል። ግራና ቀኝ አይታ መሻገሯ አላዳናትም፤ ስትነሣ መንገዱ ባዶ ነበረና። የሚያድናት አንድም የባለመኪናው ርኅራኄ ነው፥ አንድም ዕድል ነው። የብዙ ሺህ ሰዎች ሕይወት በየዕለቱ በርኅራኄና በዕድል ላይ የተንጠለጠለበት ጎዳና፥ መብራቱ ምንም ቢያበራ፥ ያለቀለት ሥራ ነው ሊባል አይገባውም።

ይህችም እናት ብቻዋን አይደለችም። የከተማውን መጓጓዣ የመረመሩ ሰዎች እንዳረጋገጡት፥ በአዲስ አበባ በየቀኑ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር የሚደረግ ነው። በግል መኪና የሚሄደው ከሁሉ ያነሰው ክፍል ነው። በከተማው ጎዳናዎች ላይ በመኪና አደጋ ከሚሞቱትም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። በታክሲና በአውቶቡስ የሚሄደውም ቢሆን ከቤቱ እስከ ፌርማታው፥ ከፌርማታውም እስከ ሥራው እግረኛ ነው፤ ጧት በአንዱ ዳር ከወረደ ማታ በሌላው ዳር ይሳፈር ዘንድ ግድ ነውና ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ ይሻገራል። ስለዚህ የመሻገሪያ ነገር ለጥቂት ድኾች የሚደረግ ምጽዋት አይደለም፤ የብዙኃኑ መብት ነው። የመጀመሪያው አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ከተማው ከዚያ በፊት በእግር ይኖር ነበረ፤ ዛሬም አብዛኛው ሕዝቡ በእግሩ ይኖራል።

ለዚህ ነገር መልስ የሚሰጡ ሰዎች አሉ፤ መልሳቸውም አራት ነው። ፍርዱ የቀና ይሆን ዘንድ ሁሉንም በየተራ መመርመር ይገባል።

የመጀመሪያዎቹ፥ «ቦሌ የአገር ፊት ነው፤ ከዓለም የሚመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው እርሱን ነውና ከሁሉ አስቀድሞ ያማረ ይሁን» ይላሉ። ቃላቸው እውነት አለበት። እንግዳን ማክበር የአገሩ የቆየ ልማድ ነው፤ አዲስ አበባም የአፍሪካ መንግሥታት መሰብሰቢያ ናትና ደጇን ማጽዳቷ የተገባ ነው። ነገር ግን እንግዳው ከመኪናው መስኮት የሚያየው ፎቁንና አበባውን ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ቦርሳውን ይዞ በመኪና መካከል ሲሮጥ ያያል። ነፍሰ ጡር ሴት በአካፋዩ ላይ ቆማ በፊቷም በኋላዋም መኪና ሲነጉድ ያያል። አስተዋይ እንግዳ የአንድን ቤት ሥርዓት የሚያውቀው ከምንጣፉ አይደለም፤ ባለቤቱ ለልጆቹና ለአገልጋዮቹ ከሚያደርገው ነገር ነው። እንግዲህ ለአገር ፊት የሚጨነቅ ሰው ካለ፥ ከአበባው አስቀድሞ ስለ መሻገሪያው ይጨነቅ።

ሁለተኞቹ፥ «ፍጥነት ልማት ነው፤ መኪና በየመሻገሪያው ከቆመ ጊዜ ይባክናል፥ ሥራ ይጐዳል» ይላሉ። ይህን ክርክር በቍጥር መመርመር ቀላል ነው። 5 ኪሎ ሜትር መንገድ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና የ5 ደቂቃ ጉዞ ነው፤ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ደግሞ የ10 ደቂቃ። እንግዲህ ጎዳናው አንድም ሌላ መኪና ባይኖርበት እንኳ የሚተርፈው 5 ደቂቃ ነው፤ መኪና በሚበዛበት ሰዓት ግን ይህም ትርፍ በሰልፍ ላይ ቆሞ ያልቃል። በዚህ አንጻር መሻገሪያው ከቤቱ ፊት ለፊት በመጥፋቱ 400 ሜትር ሄዶ፥ ተሻግሮ፥ እንደገና 400 ሜትር የሚመለስ እግረኛ ይታሰብ። በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ቢራመድ 12 ደቂቃ አጠፋ፤ ያውም ከአስፋልት ማዶ የሚታየው ሱቅ ዘንድ ለመድረስ ነው። ከሚራመደው 12 ደቂቃ ወስዶ ለሚቀመጠው 5 ደቂቃ የሚሰጥ ሒሳብ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? የባለመኪናው ጊዜ ብቻ ጊዜ ተብሎ፥ የጫማ ጠራጊው፥ የአስተማሪውና የጉልት ነጋዴዋ ጊዜ ከቍጥር የማይገባ ከሆነ፥ ይህ የሰውን ክብር በተሳፈረበት ዕቃ መለካት ነው እንጂ ልማት አይደለም።

ሦስተኞቹ፥ «ጥፋቱ የእግረኛው ነው፤ ዜብራና ድልድይ እያለ በዘፈቀደ ይሻገራል» ይላሉ። ሥርዓት የማያከብር እግረኛ መኖሩን የሚክድ የለም፤ ሥርዓት የማያከብር ባለመኪናም እንዲሁ አለ። ሕጉ በዜብራ ላይ ቅድሚያውን ለእግረኛ ሰጥቶታል፤ ነገር ግን በከተማው ጎዳናዎች ቆሞ የተመለከተ ሰው እግረኛው ሲለምን፥ መኪናውም ሲያልፍ አይቷል። ከዚህም ሌላ፥ አንድ ሰው በዘፈቀደ ቢሻገር የዚያ ሰው ጥፋት ነው፤ በአንድ ስፍራ መቶ ሰው ዘወትር የሚሻገር ከሆነ ግን ጥፋቱ የስፍራው ነው። ውኃ በተዳፋቱ እንደሚወርድ ሁሉ የሰውም እግር ወደ ጉዳዩ በአቋራጭ ይሄዳል። ብልኅ ገበሬ ቦይ ሲቈፍር አስቀድሞ ውኃው በየት እንደሚያልፍ ይመለከታል፤ ቦዩን ካለ ስፍራው ቈፍሮ በኋላ ውኃውን አይሰድብም።

የእግረኛ ድልድይ ነገርም እንደዚሁ ነው። ድልድይ እጅግ ፈጣን በሆነ መንገድ ላይ አስፈላጊ ሊሆን ይችላል። በጎዳና ላይ ግን ደረጃውን የሚወጡት ጉልበት ያላቸው ብቻ ናቸው። አረጋዊው፥ በክራንች የሚሄደው፥ ሕፃን ያዘለችው፥ ዕቃ የተሸከመው ከታች ይቀራሉ። ደግሞስ ተቀምጦ የሚሄደው በደልዳላው እያለፈ፥ በእግሩ የሚሄደው ደረጃ ይውጣ ማለት የነገሩን ሥርዓት መገልበጥ አይደለምን? ሞተር ያለው ቍልቍለትና ዳገት አይከብደውም፤ ጉልበት የሚከብደው ለሥጋ ለባሽ ነው።

አራተኞቹ ከሁሉ ይልቅ በእርጋታ የሚናገሩ ናቸው። እነርሱም፥ «ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ነው፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተሠራው የኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገድ ሰፍቷል፥ የብስክሌት መንገድ ተጨምሯል፥ መብራትና መቀመጫ ተተክሏል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መገናኛ ባለው መስመርም ሆነ በሌሎቹ ጎዳናዎች ለእግረኛ የተሰጠው ስፋት ከቀድሞው የተሻለ ነው። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። በዚያው ሥራ ምክንያት ብዙ ነባር ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ሰፈር እንደ ሄዱም አይዘነጋም፤ ከሩቅ ሰፈር ወደ ቀድሞ ሥራው የሚመላለስ ሰው ደግሞ ከቀድሞው ይልቅ ብዙ ጎዳና ይሻገራል። ነገር ግን ዋናው ቃል ሌላ ነው። ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሰውን በዳሩ ያስኬደዋል እንጂ አያሻግረውም። በዳር መሄድ መንሸራሸር ነው፤ መሻገር ግን መኖር ነው። እንጀራ፥ ሐኪም፥ ትምህርት፥ ዘመድና ጸሎት ብዙ ጊዜ የሚገኙት በማዶ ነው። ሁለት ያማሩ ዳሮች በመካከላቸው ማንም በደኅና የማያልፈው አስፋልት ቢዘረጋ፥ በሁለት ወገን አትክልት የተተከለበት ገደል ሆኑ እንጂ አንድ ጎዳና አልሆኑም።

ከተማው ራሱ ይህን እውነት አንድ ጊዜ በአፉ ተናግሮታል። በ2011 ዓ.ም. ዋና ዋና ጎዳናዎችን በእሑድ ቀን ለጥቂት ሰዓት ከመኪና አርፈው ለሰው እንዲለቀቁ የማድረግ ልማድ ተጀመረ፤ ስሙም «መንገድ ለሰው» ተባለ። ልጆች በአስፋልቱ መካከል ኳስ ተጫወቱ፤ ሽማግሌዎች ወደ ኋላቸው ሳይገላመጡ ተራመዱ። ስሙን ያወጣው ሰው ከብዙ መሐንዲስ የበለጠ ነገር ተናግሯል። ነገር ግን መንገድ ለሰው የሚሆነው በአንድ የዕረፍት ቀን ብቻ ከሆነ፥ በሌሎቹ ቀኖች የማን ነው ተብሎ ይጠየቃል። እሑድ የታወቀ እውነት ሰኞ ሊካድ አይገባውም።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ነገር የተሰወረ ወይም እጅግ ውድ የሆነ አይደለም። አንደኛ፥ ሰው በእውነት በሚሻገርበት በያንዳንዱ ስፍራ በምድር ላይ፥ ያለ ደረጃ፥ ከእግረኛ መንገዱ ጋር የተስተካከለ መሻገሪያ ይሠራ። ሁለተኛ፥ የትራፊክ መብራቱ ለእግረኛ የሚሰጠው ጊዜ በጐልማሳ ሩጫ ሳይሆን በአረጋዊት እርምጃ ይለካ። ሦስተኛ፥ በመካከሉ ያለው አካፋይ ሰው የሚጨነቅበት ጠባብ ጠርዝ ሳይሆን በደኅና ቆሞ የሚያርፍበት ስፍራ ይሁን። አራተኛና ዋነኛው፥ ሰውና መኪና በሚቀላቀሉበት ስፍራ ሁሉ ፍጥነቱ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ይደረግ። ይህ የመጨረሻው የዘፈቀደ ቍጥር አይደለም። በየካቲት ወር 2012 ዓ.ም. በስዊድን ርዕሰ ከተማ በስቶክሆልም ስለ መንገድ ደኅንነት የተሰበሰቡት የመንግሥታት መልእክተኞች ያጸኑት ወሰን ነው። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ የመኪና ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በግጭት ጊዜ ያለው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፥ ለመቆም የሚያስፈልገውም ርቀት ይረዝማል። በዝግታ የሚሄድ መኪና የመታው ሰው ብዙ ጊዜ ከአልጋ ይነሣል፤ በሩጫ የመታው ግን ወደ መቃብር ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ሲሰሙ፥ «እግረኛን ለማስደሰት ባለመኪናን መቅጣት ነው» የሚሉ እንዳይሳሳቱ፥ ባለመኪና የሚባል ልዩ ፍጥረት አለመኖሩ ይታሰብ። መኪናውን ያቆመ ሁሉ እግረኛ ነው። ዛሬ መሪ የጨበጠው ነገ ሸምግሎ በትር ይጨብጣል። እናቱም፥ ልጁም፥ የቤት ሠራተኛውም ይሻገራሉ። ጎዳናውን ለእግረኛ የሚያቀና ሰው ለራሱ የእርጅና ዘመን ስንቅ ያኖራል።

የዚህ ነገር ፍርድ በእጃቸው ያለ ሹማምንትና መሐንዲሶች ስለ ቦሌ ሌላ ፕላን ከመንደፋቸው በፊት አንድ ነገር ቢያደርጉ ይበቃል። ከቢሮ ሲወጡ፥ ምሽት በ12 ሰዓት፥ ሠራተኛው ሁሉ ወደ ቤቱ በሚጣደፍበት ጊዜ ከመኪናቸው ይውረዱ። አጃቢና ትራፊክ ፖሊስ ሳይቀድማቸው፥ እያንዳንዳቸው አንዲት አረጋዊት እናት በእጃቸው ይዘው፥ በእርሷ እርምጃ ልክ ጎዳናውን ይሻገሩ። ማዶ ከደረሱ በኋላ ሥራው ተፈጽሟል ለማለት ድፍረት የሚቀራቸው ከሆነ፥ ያን ጊዜ ተቃዋሚው ዝም ይበል።